የባንኩ ዋስ

በዚህች አገር ባንክ ባለበት ሁሉ አንድ መስኮት አለ፤ መስኮቱ ፊት አንድ ሰው አለ፤ ያ ሰው እዚያ ከቆመ ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ከኋላ ያለው ሕዝብ ሰዓቱን ያያል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው ይዛወራል። ሰውየው ግን ክርኑን መደገፊያው ላይ አመቻችቶ "ለምን ተቆረጠብኝ?" ብሎ ይጠይቃል። ይነገረዋል። ራሱን ይነቀንቅና "እሱማ ገባኝ፤ ግን ለምን?" ይላል። ሌላው ሰው ሁሉ የተቆረጠበት ተቆርጦበት፣ በልቡ ተሳድቦ፣ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ይህኛው አይሄድም።

ይህ ሰው በየከተማው አለ። አዲስ አበባ ላይ ጡረታ የወጣ ሻለቃ ሊሆን ይችላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ የሒሳብ አስተማሪ። መንዝ ውስጥ፣ ሞላሌ ላይ ክብርት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ናቸው፤ ሞላሌም በዚህ ከማንም ከተማ የማታንስ መሆኗን ታውቃለች።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የባና ነጋዴ ናቸው። የዘመሮና የቀየት ሴቶች የፈተሉትን የበግ ጠጉር ይገዛሉ፤ ለሸማኔው ለአስቻለው ይሰጣሉ፤ አስቻለው ሠርቶ ሲያስረክባቸው ወፍራሙን የጠጉር ልብስ፣ ባናውን፣ ብርድ ለሚፈሩ ሰዎች እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይልካሉ። እሳቸው ራሳቸው በስስ ነጠላ ነው የሚሄዱት። አባታቸው በሰው ርስት ሲሟገቱ ያረጁ ነገረ ፈጅ ነበሩ፤ ለልጃቸው ርስት ባይተዉላቸውም ሙግቱን ሳይሸራርፉ አውርሰዋቸዋል።

የብድር ሠራተኛዋ እስከዳር ከደብረ ብርሃን ተዛውራ የመጣች ዕለት ከእሷ በፊት የነበረው ልጅ ወንበሩን ሲያስረክባት፣ "ይኼ የመሳቢያው ቁልፍ ነው፤ ይኼ ማኅተሙ፤ ማንጠግቦሽ ደግሞ በገበያ ቀን ይመጣሉ" አላት።

"ማናቸው እሳቸው?"

"ታያቸዋለሽ" አለና ሻንጣውን አንሥቶ ወጣ። እስከዳር ሰው ከቦታው ሲዛወር እንዲያ ሲደሰት አይታ አታውቅም።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን አየቻቸው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ለስልክ መልእክት ተብላ ከሒሳባቸው የተቆረጠች፣ ሻይ እንኳ የማትገዛ ገንዘብ ይዘው መጡ።

"ልጄ፣ ይኼን መልእክት ማን አዘዘው?"

"ባንኩ ነው የሚልከው፣ እማማ። ሒሳብዎ ሲንቀሳቀስ እንዲያውቁት ብሎ ነው።"

"እኔው አንቀሳቅሼው ለኔው ይነግረኛል?"

"ለደኅንነትዎ ነው።"

"እሱማ ገባኝ፤ ግን ለምን ያስከፍለኛል? ጎረቤቴ በየጠዋቱ ብቅ እያለ 'ደህና አደርሽ' ቢለኝ፣ ዓመት ሲሞላው የሰላምታ ሒሳብ ይዞብኝ ይመጣል?"

ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። እስከዳር አልሳቀችም፤ ሠልጥናለችና፣ የሠለጠነችበትን መልስ ሰጠች። "ከላይ የመጣ መመሪያ ነው፣ እማማ።"

"ከላይስ እግዚአብሔር ነው" አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። "ከሱ በታች ያለውን ስሙን ንገሪኝና ልሂድ።"

እስከዳር ስሙን አታውቀውም ነበር። በቅርንጫፉ ውስጥ የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ የካርዱ ነገር መጣ። ባንኩ ሳይጠየቅ የሚያብለጨልጭ የኤቲኤም ካርድ ሰጥቷቸው ኖሯል፤ በየዓመቱም የካርዱን ዋጋ ይቆርጣል። ካርዱን የሚያጎርሱት ማሽን ግን ያኔ ሞላሌ አልነበረም። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አንድ ሙሉ ጠዋት ተከራክረው ተረቱ፤ ተቆረጠባቸው። በሚቀጥለው ገበያ ሲመጡ ካርዱ ላይ ጥቁር የጠጉር ፈትል ተጠምጥሞበት ነበር። ለእስከዳር ከፍ አድርገው አሳዩዋትና "አሁን ሥራ ያዘ" አሉ።

ሁልጊዜ እውነት ከሳቸው ጋር ነበረች ብሎ የሚጽፍ ሰው ካለ ሞላሌ ሄዶ አያውቅም። አንድ ቀን ባንኩ ገንዘባቸውን እንደሰረቃቸው ለሰልፉ፣ ለጥበቃውና ለመንገደኛው ሁሉ አስረድተው ሲያበቁ፣ ገንዘቡን ለሚካኤል ዝክር ራሳቸው አውጥተው ረስተውት ተገኘ። ፊርማቸውን አየት አደረጉና "ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም?" ብለው እስከዳርን ተቆጧት፤ ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ ሄዱ። በሚቀጥለው ገበያ ግን ለቅርንጫፉ ሠራተኛ በሙሉ የሚበቃ የገብስ ቆሎ በመሶብ ይዘው መጡ። ለምን እንዳመጡት ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውን "ለምን?" ማለት የሚደፍር ሰው አልነበረማ።

እስከዳር ግን ከልቧ ትፈራቸው ነበር። ያን ሰሞን ሞላሌ ላይ የሚያውቃት ሰው ስላልነበረ ሥጋ ቤቱም፣ አከራይዋም፣ ቤተ ክርስቲያን የምታገኛቸውም "ያቺ የባንኳ ልጅ" ነበር የሚሏት። ባንኳ ደግሞ እሷ ራሷ ሳትሆን አትቀርም፤ ስድቡ ሁሉ የሚደርሰው ለሷ ነበር።

በጎች በሚሸለቱበት ሰሞን ገንዘብ ያለው ጠጉሩን ይሰበስባል፤ የሌለው ሌላው ሲሰበስብ ያያል። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ማየት ሰለቻቸውና ብድር ጠየቁ። ተፈቀደላቸው። እስከዳር ውሉን ዘርግታ "እዚህ ይፈርሙ፤ እዚህም፤ እዚህም" አለች።

"ምን ይላል?"

አነበበችላቸው። የመጀመሪያውን ገጽ ስትጨርስ ከሰልፉ አንዳንዱ ለምሳ ሄደ። ሦስተኛው ገጽ ላይ "ባንኩ የወለድ ተመኑን እንደ አስፈላጊነቱ ሊለውጥ ይችላል" የሚል አንቀጽ አለ። እስከዳር ትንሽ ፈጠን ብላ ልታልፈው ሞክራ ነበር።

"ቆይ" አሉ። "እኔስ እንደ አስፈላጊነቱ ልለውጥ እችላለሁ ይላል?"

"አይልም።"

"ለምን?"

"የተለመደ አንቀጽ ነው እማማ፤ እንዲሁ ይጻፋል እንጂ ሥራ ላይ አይውልም።"

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዋሳቸውን ጠሩ። አስቻለው ባርኔጣውን አውልቆ መጣና በከተማው ዳር ያለች ቤቱን መያዣ አድርጎ ፈረመ። እስከዳር ነገሩ አለቀ ብላ ማኅተሙን ስታነሣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸረጡ።

"እኔ ዋሴን ጠራሁ" አሉ። "አሁን ባንኩ ይጥራ።"

በመንዝ ሽማግሌ ፊት ነገር ሲያዝ ሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል። ቃሉን ያጠፈውን ሰው ዋሱ አስገድዶ ያቀርበዋል፤ ካላቀረበው ዕዳው የራሱ ነው። ዋስ ያልጠራ ሰው ባለጸጋም ቢሆን አይሰማም። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከአባታቸው ጉልበት ሥር ተቀምጠው ያደጉበት ሥርዓት ይኼ ስለሆነ፣ አንዱ ወገን ዋስ ጠርቶ ሌላው ዝም የሚልበት ውል አለ ብሎ ሊያሳምናቸው የሚችል ሰው አልተፈጠረም።

"እማማ፣ ባንክ ዋስ አይጠራም" አለች እስከዳር።

"ለምን?"

"ባንክ ስለሆነ።"

"እኔ ብጠፋ ብላችሁ አስቻለውን ያዛችሁ። እናንተ ቃላችሁን ብታጥፉ እኔ ማንን ልያዝ? ግድግዳውን?"

ከሰልፉ "እውነት ነው!" የሚል ድምፅ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ አፈወርቅ ጩኸት ሰምቶ ከቢሮው ብቅ አለ። አፈወርቅ ጸብ የማይወድ፣ ምሳውን የሚወድ ሰው ነው። ነገሩ ሲነገረው ሳቀና "በቃ፣ እስከዳር የባንኩ ዋስ ትሁን!" አለ።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አልሳቁም። ወደ እስከዳር ዞሩ። "ትሆኛለሽ?"

እስከዳር ርቧታል፤ እግሯን በርዷታል። "እሆናለሁ።"

"ምን ትሆኛለሽ?"

"ዋስ።"

"የማን?"

"የባንኩ።"

"ሰማችሁ?" አሉ ወደ ሰልፉ። ሰልፉም በአንድ አፍ "ሰምተናል" አለ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽም ፈረሙ።

ያን ዕለት ማታ እስከዳር ለእናቷ ደውላ እየሳቀች አወራቻት። እናቷ ከመንዝ አጠገብ ግሼ ተወልዳ ያደገች ናት። አልሳቀችም።

"ሰው ፊት ነው ያልሽው?"

"አዎ፣ ግን ቀልድ ነው እኮ፣ እማዬ።"

"ሰው ፊት ካልሽው ሆነሻል" አለች እናቷ፤ ወዲያው ስለ ጤናዋ መጠየቅ ጀመረች።

በማግስቱ ሥጋ ቤቱ "የባንኩ ዋስ፣ እንዴት አደርሽ?" አላት። እስከዳር ፈገግ አለች። ሞላሌ ከገባች ወዲህ ሰው ስም ሲያወጣላት የመጀመሪያው ነበር።

ወራት አለፉ፤ ብድሩም በሥርዓቱ ሲከፈል ቆየ። ከዚያ ደብዳቤ መጣ። የብድር ወለድ ጨምሯል፤ ጭማሪው ደግሞ ደብዳቤው ከመጣበት ቀን ሳይሆን ካለፉት ወራት ጀምሮ ታስቦ ተበዳሪው ልዩነቱን ይክፈል የሚል። ያ ሥራ ላይ አይውልም የተባለው አንቀጽ ሥራ ላይ ዋለ። እስከዳር የየተበዳሪውን ወረቀት በገዛ እጇ ማኅተም መታችበት። ተበዳሪዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ አዩት፤ አንዱ ተሳደበ፣ አንዷ አለቀሰች፣ ሁሉም ፈረሙ።

በገበያ ቀን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አልመጡም። ሰልፉ እንደ ውኃ ፈሰሰ። አፈወርቅ "እንዲህ ነው ሥራ!" ብሎ እጁን አፋተገ። እስከዳር ግን በሩን በሩን ስታይ ዋለች፤ ያልመጡት ደብዳቤው ሳይደርሳቸው ቀርቶ እንዳልሆነ አውቃዋለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በኪራይ ቤቷ ደጅ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ሰማች። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ናቸው፤ ከኋላቸው በአካባቢው ሽምግልና የታወቁት ጋሽ እምሩና ሸማኔው አስቻለው። እስከዳር ወንበር አልበቃ ብሏት አልጋው ላይ አስቀመጠቻቸው።

"እማማ፣ ለብድሩ ከሆነ ነገ ቢሮ ይምጡና..."

"ቢሮ ባንኩን ነው የማገኘው" አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፤ ድምፃቸው እንደዚያ ለስላሳ ሆኖ ሰምታ አታውቅም። "እዚህ የመጣሁት ዋሴን ፈልጌ ነው።"

እስከዳር "ቀልድ ነበር እኮ" ልትል አፏ ላይ ደረሰ። አስቻለው አልጋው ጫፍ ላይ እንዳይደላደል የፈራ ይመስል ተቀምጦ፣ ፈትል የቆራረጣቸውን ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያያል። ልዩነቱ ተከፍሎ የባና ትርፍ የሚባል አይተርፍም፤ ካልተከፈለ ደግሞ የምትያዘው የሱ ቤት ናት።

"ልጄ" አሉ ጋሽ እምሩ፣ "ማንም አይፈርድብሽም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪን። ዋስ ነሽ ወይስ አይደለሽም?"

"ነኝ" አለች እስከዳር።

"እንግዲያስ ሰውሽን አቅርቢ።"

ባንክ እንዴት ተደርጎ ይቀርባል? በሰኞ ማለዳ ለአፈወርቅ ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወው። "እስከዳር፣ ሥራሽን ትወጅዋለሽ?"

"እወደዋለሁ።"

"እንግዲያው ተዪው።"

አልተወችውም። ደብረ ብርሃን ላለው ለባንኩ ዲስትሪክት ጻፈች፤ "ጉዳዩ በበላይ አካል የታየ ነው" የሚል መልስ መጣ። ደወለች፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። ደግማ ደወለች፤ አሁንም ስብሰባ ላይ ናቸው። እስከዳር በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ይዛ ለማታውቀው ሰው "ለምን?" አለች፤ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች። ከተማው ግን አልተቆጣትም። ሥጋ ቤቱ እንደ ድሮው "የባንኩ ዋስ" ይላታል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሰላምታ "ታዲያ ምን ደረስሽ?" የሚል ይመስላት ጀመር። ሰው ፊት ያለችውን ማጠፍ ቢኖርባት በዚያው ሳምንት ከሞላሌ ብትወጣ ትመርጣለች።

በመጨረሻ ዕድል ቀናት። የዲስትሪክቱ የብድር ኃላፊ ፍቅረ ሥላሴ ለተለመደው የሥራ ጉብኝት ሊመጣ መሆኑ ተነገረ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። እስከዳር ለጋሽ እምሩ "አቅርቢ ያሉኝ ሰው ይመጣል" ብላ ላከችባቸው።

ፍቅረ ሥላሴ ገና አርባ ያልሞላው፣ ከረባት ያሰረ፣ ሞላሌን በስስ ኮት የደፈረ ሰው ነው። ብርዱ ጥርሱን ሲያንገጫግጨው በአፈወርቅ ታጅቦ ወደ አዳራሹ ገባ። ሰልፉ ግድግዳ ለግድግዳ ቆሟል፤ ለብድር የመጣውም ያልመጣውም እዚያ ነው። ጋሽ እምሩና ሁለት ሽማግሌዎች የደንበኞችን አግዳሚ ይዘዋል። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን አሸርጠው ከመሐል ወጡ፤ አንድ እጃቸውን ወደ እንግዳው ዘርግተው፣ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ከተማው ባልሰማው ድምፅ "ተጠየቅ!" አሉ።

"ልጠየቅ!" አለ ፍቅረ ሥላሴ።

ፍቅረ ሥላሴ አፉን በእጁ ያዘ። አያቱ ዘንድ ነበር ያደገው፤ አያቱም ግሼ ላይ ሙግት የሚሰሙ ዳኛ ነበሩ፤ ልጅ ሆኖ በየዕለቱ የሰማው መልስ ያን ሁሉ ዘመንና ያን ሁሉ ሥልጠና አልፎ ከአፉ ወጣ። "ማለቴ..." ብሎ ጀመረ።

"ብለሃል፣ ልጄ" አሉ ጋሽ እምሩ። ተጠየቅ የተባለ ሰው ልጠየቅ ካለ ሙግቱን ተቀብሏል።

"ባና ሸጥኩልህ እንበል" ጀመሩ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። "ዋጋ ተነጋገርን፤ ተስማማን፤ ወስደህ ለበስከው። ክረምቱ ሲበረታ ደጅህ መጥቼ፣ 'ብርዱ ጨምሯልና ልዩነቱን ክፈለኝ' ብልህ ትከፍላለህ?"

"አልከፍልም።"

"ለምን?"

"ተስማምተናላ።"

"'ከዛሬ አይደለም፤ ካለፈው መስከረም ጀምሮ የበረደህን ሁሉ ክፈል' ብልህስ?"

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ፍቅረ ሥላሴ ራሱ ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ከንፈሩን ነከሰ። "እናቴ፣ እርስዎ የሚሉት ይገባኛል። እኔ ግን ታዛዥ ነኝ፤ የወሰንኩት እኔ አይደለሁም። ለባንኩ ልጠየቅለት አልችልም። ባንክ ደግሞ ዋስ የለውም።"

"አለው" አለች እስከዳር።

ከመስኮቱ ኋላ ተነሥታ ቆማ ነበር። "እኔ ነኝ።"

"ማን ፈቀደልሽ?" አላት ፍቅረ ሥላሴ። አፈወርቅ ቀና ብሎ ኮርኒሱን መመርመር ጀመረ።

"ማንም። ግን ሰው ፊት ነው ያልኩት።"

ፍቅረ ሥላሴ ትክ ብሎ አያት። ደብረ ብርሃን ቢሆን ኖሮ ይህ መልስ መልስ አይባልም ነበር። የግሼው ዳኛ የልጅ ልጅ ግን ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "ቀጠሮ ስጡኝ" አለ። "ለበላይ አቅርቤ መልሱን ራሴ ይዤ እመጣለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። "ቀጠሮ ይገባዋል" አሉ ጋሽ እምሩ። "ለቀጠሮው ግን ዋስ ይጥራ።"

ፍቅረ ሥላሴ አፈወርቅን አየው። አፈወርቅ በዚያች ቅጽበት ስልክ ተደወለለት፤ ስልኩ ሲጮህ የሰማ ሰው ባይኖርም ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ። እስከዳር አፏን ስትከፍት ጋሽ እምሩ እጃቸውን አነሡ። "አንቺ በአንድ ተይዘሻል፤ በሁለት አትያዥም።" ሰልፉ መሬት መሬቱን አየ። ለማያውቁት ለባንክ ሰው ዋስ የሚሆን ማን ነው? ፍቅረ ሥላሴ በዚያ ብርድ ላይ ብቻውን ቆሞ ጆሮው ቀላ።

"እኔ አለሁ" አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ።

"ለማን?"

"ለሱ።"

"ማንጠግቦሽ፣ ከሳሹ እኮ አንቺ ነሽ!" አሉ ጋሽ እምሩ።

"ታዲያ? ከሳሽ ስለሆንኩ ሰውየውን ያለ ዋስ ሜዳ ላይ ልተወው?"

"በቀጠሮው ቀን ባይመጣ ዕዳው የዋሱ ነውና ይፈረድብሻል።"

"እሱማ ገባኝ። ይመጣል።" ወደ ፍቅረ ሥላሴ ዞሩና ከላይ እስከ ታች አዩት። "አንተ ልጅ፣ በርዶሃል። ውጭ ባና አለኝ፤ ና ግዛኝ። ዋጋውን ዛሬ ተነጋግረን ከጨረስን በኋላ አይጨምርብህም።"

ፍቅረ ሥላሴ መነጽሩን አውልቆ በከረባቱ ጫፍ ጠረገው፤ ብዙ ጠረገው። ከዚያ ተከትሏቸው ወጥቶ ባናውን ገዛ።

በቀጠሮው ቀን ሞላሌ በጭጋግ ተሸፍና አደረች። እስከዳር ጠዋቱን ሙሉ አንድ ወረቀት ደጋግማ ስታነብ ቆየች፤ ምን እንደሚል ግን አታውቅም። ከደብረ ብርሃን የሚመጣው መኪና በሰዓቱ አልደረሰም። ከምሳም በኋላ አልደረሰም። ሰልፉ ተራው ሲደርስ "ቆይ፣ እጠብቃለሁ" እያለ ለኋለኛው ይለቃል፤ የኋለኛውም ለኋለኛው። አስቻለው ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ሥር ቆሟል። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ብቻ ናቸው አግዳሚው ላይ ተረጋግተው እንዝርታቸውን የሚያሾሩት።

"እማማ፣ ባይመጣስ?" አለቻቸው እስከዳር ጠጋ ብላ።

"ለምን አይመጣም?"

መጣ። በኮቱ ላይ ባናውን ደርቦ፣ ጭጋግ ጸጉሩ ላይ እንደ ጤዛ አዝሎ ገባ፤ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ የመጨረሻውን ዳገት በእግሩ ነበር የወጣው። ወረቀቱን አውጥቶ ለሁሉም እንዲሰማ አነበበ። ያለፉት ወራት ልዩነት ለወይዘሮ ማንጠግቦሽም ለቅርንጫፉ ተበዳሪ ሁሉ ተሰርዟል። አዲሱ ወለድ የሚታሰበው ከዚህ በኋላ ነው፤ ወደፊትም ደንበኛው አስቀድሞ ሳይነገረው አይጨመርም።

አስቻለው ባርኔጣውን አጠለቀና ወዲያው መልሶ አወለቀው። እልልታ ተሰማ። እስከዳር መስኮቷ ኋላ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ደስ ስላላት ነበር፤ ደስታዋንም አልደበቀችም። ጋሽ እምሩ ሊመርቁ ሲነሡ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አስቆሟቸው።

"ጭማሪው ራሱ ለምን አልተነሣም?"

"እሱን አልቻልኩም፣ እናቴ።"

"እሱማ ገባኝ፤ ግን ለምን?"

"ከላይ..." አለ ፍቅረ ሥላሴ፤ ቆመ። እስከዳርን አያት፣ ሰልፉን አየ፤ ከዚያም የውሳኔውን ባለቤት ስም ከነአያቱ ነገራቸው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ስሙን በለሆሳስ ደጋግመው አጠኑት። የዚያን ሰው ነገር ከዚህ በኋላ እግዚአብሔር ይሁነው።

ብድሩ በሚቀጥለው ዓመት በአዲሱ ወለድ፣ በየወሩ ሙግት ታጅቦ ተከፍሎ አለቀ። የአስቻለው ቤት ካርታ ተመለሰለት። በዚያው ገበያ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ወደ እስከዳር መስኮት መጡና ነጠላቸውን አሸረጡ።

"ዕዳዬ አልቋል" አሉ። "እንግዲህ የባንኩን ዋስነት ላወርድልሽ ነው። በሕዝብ ፊት ተይዘሽ ነበር፤ በሕዝብ ፊት ትለቀቂያለሽ።" ወደ ሰልፉ ዞረው "ሰማችሁ?" ሊሉ ነው።

እስከዳር ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ሸክም ተሸክማለች። ከዚያ ወዲህ ግን ውል የሚፈርም ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሷ ዘንድ ይመጣል፤ እሷም ሦስተኛውን ገጽ ዝግ ብላ ታነብለታለች፤ አፈወርቅም ሰልፉ ረዘመ እያለ ያጉረመርማል። ሠርግ ስትጠራ የሚጠሩት የባንኩን ዋስ ነው። ታማ የተኛች ጊዜ አጥሚት ይዘው የመጡት ሴቶች የጠየቁት የባንኩን ዋስ ነው። ፍቅረ ሥላሴ ደውሎ ደብረ ብርሃን ልመልስሽ ሲላት "ላስብበት" ያለችው፣ ሳታስብበትም የተወችው በዚሁ ምክንያት ነው።

"አይ እማማ" አለች። "ይቆይ።"

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ክርናቸውን መደገፊያው ላይ አመቻቹ። "ለምን?"

ሰልፉ ቆመ። ሰዓቱን ያየ ግን አልነበረም፤ የኋለኞቹ እንዲያውም ጠጋ ጠጋ አሉ።

"ሞላሌ ላይ ሌላ ስም የለኝማ" አለች በመጨረሻ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ያሸረጡትን ነጠላ ቀስ ብለው ፈቱ፤ ትከሻቸው ላይ መለሱት።

"እሱማ ገባኝ" አሉ። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉም ጠበቀ፤ አልመጣም። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከመስኮቱ ዞር አሉ፤ ሰልፉም ተንቀሳቀሰ።